ያልተገኘው ምስክር

ከሊድ ካርቶኑን ከመኪናው አውርዶ ለሀፊዝ አቀበለው።

«የሱፍ ደግሞ ዛሬ ምን ጭኖብኝ ነው? ወገቤን ቆረጠኝ።»

«መለዋወጫ ነው» አለ ሀፊዝ።

ሽጉጥ ነበር። ከሊድ አያውቅም፤ የተጫነለትን የሚያደርስ የፋብሪካ ሾፌር ነው። ሀፊዝን የሚያውቀውም ጁነይድ በሚል ስም፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ባልደረባው አድርጎ ነው። የመሣሪያ ነጋዴውን የሱፍን ለመያዝ የተላከ ሰላይ፣ የምስጢር ስሙም «ቦርከና» መሆኑን ማን ይንገረው?

ፉጨት ተሰማ።

ፖሊስ!

ሀፊዝ ከአለቃው ጋር በታቀደው መሠረት ወደ አጥሩ ሮጠ። ከሊድ ግን ዕቅድ የለውም። ሀፊዝን የሚያሳድደውን ፖሊስ ወገቡን ይዞ አስቀረው።

«ሩጥ፣ ወንድሜ!»

ሮጠ። ፊቱ እንደ እሳት ነደደ።

አለቃው አራጋው ሐረጎ ዳገት ላይ በመኪና ጠበቀው።

«ከሊድ ተይዟል፤ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ንጹሕ ነው የሚለውን ቃልህን አስገባለሁ። ይለቀቃል።»

ደሴ ፍርድ ቤት። ሀፊዝ እንደ ሥራ ባልደረባ ከከሊድ ሚስት ከፈትሂያ ጎን ተቀመጠ።

«ዋናው ምስክር አልተገኘም» አለ መርማሪው። «አሥራ አራት ቀን ይፈቀድልን።»

ተፈቀደ።

በሚቀጥለው ቀጠሮም ያው ቃል። ያው ምላሽ።

«ወላሂ፣ ይሄን ምስክር ባገኘው እግሩ ላይ እወድቅ ነበር» አለች ፈትሂያ።

ሀፊዝ ዓይኑን ሰበረ።

«ቃሌን የት አደረሱት፣ ጋሽ አራጋው?» ሲል ጠየቀ ማምሻውን።

«ኪሴ ውስጥ ነው። ከሊድ እስከታሰረ ድረስ የሱፍ አንተን አይጠረጥርም።»

«ከዱኝ ማለት ነው።»

«አንተም ዝም ብለሃል።»

እውነቱን ነው። የሱፍ በእጁ ሊገባ ጥቂት ቀርቶት ነበርና ሀፊዝ እንደገና ዝም አለ።

የሱፍ ገራዶ ላይ ከነመጋዘኑ ተያዘ። ከሊድ ግን አልተፈታም።

«ሌላ ሥራ ይጠብቅሃል» አለው አራጋው። «ምስክር ሆነህ ፊትህ እንዲታይ አልፈልግም።»

በቀጠሮው ቀን መርማሪው ያንኑ ደገመ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ክስ የለም፣ ምስክር የለም። ይህ ሰው እስከ መቼ ይታሰራል?»

ሀፊዝ ተነሣ።

«ክብርት ሆይ፣ አልተገኘም የተባለው ምስክር እኔ ነኝ።»

ፈትሂያ አጠገቡ ነበረች። ቀስ ብላ ከጎኑ ፈቀቅ አለች።

ቃሉን ሰጠ። ከሊድ በዚያው ቀን ተፈታ።

በሩ ላይ ተገናኙ። ከሊድ ከስቷል።

«አሰላሙ አለይኩም» አለ ሀፊዝ።

ከሊድ ሰላምታውን አልመለሰም።

«ምስክሩ አንተ ሆነህ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያ ተቀምጠህ ነበር?»

«አዎ።»

«ሚስቴ አጠገብ?»

«አዎ።»

ከሊድ የፈትሂያን እጅ ይዞ ቁልቁለቱን ወረደ።

አራጋው በዚያው ሳምንት ሀፊዝን የሥራ መታወቂያውን ነጠቀው። ሀፊዝ ወደ ሐርቡ በሚወርድ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከጎኑ ያሉት አዛውንት ስሙን ጠየቁት።

የቱን ስም እንደሚነግራቸው ሲያስብ መኪናው ተነሣ፤ እሳቸውም እንቅልፍ ወሰዳቸው።