ፌንጣ እና የምድጃው በር

ፌንጣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ናት። ቤታቸው ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ስለሆነ ግድግዳቸው ዓመቱን ሙሉ ይሞቃል። እውነተኛ ስሟ ሌላ ነው፤ ግን አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንላት ሰፈሩ በሙሉ ፌንጣ ይላታል። እዚህም መካከላችን ጥቂት ፌንጣዎች ይታዩኛል፤ ስም አልጠራም። በሉ እግራችሁን ሰብስቡና ስሙኝ።

የበዓል ዋዜማ ነበር። በየቤቱ ወለል ይታጠባል፣ መጋረጃ ይሰቀላል፣ መንገዱ ዕቃ በተሸከመ ሰው ተጨናንቋል። በዚያ ቀን ጎረቤቶች ቤታቸው ያቦኩትን ሊጥ በትሪ ይዘው ወደ ፌንጣ አባት ይመጣሉ፤ እሱም በትልቁ ምድጃ ይጋግርላቸዋል። የአንዱ ከሌላው እንዳይምታታ እያንዳንዱ ቤት ሊጡ ላይ የራሱን ምልክት ያደርጋል። አንዱ በቁልፍ ይጫነዋል፤ ሌላዋ በማበጠሪያ ትወጋጋዋለች። የነፌንጣ ቤት ምልክት የፌንጣ አውራ ጣት ነው። ጎረቤታቸው ልብስ አጣቢዋ ደግሞ በልብስ መቆንጠጫ ሁለት ቦታ ቆንጠጥ ታደርገዋለች። የትኛው ምልክት የማን እንደሆነ በቃሏ የምታውቀው ፌንጣ ነበረች፤ በዚህም ትኮራለች።

ልብስ አጣቢዋ ትሪዋን ያቀበለችው ቀኝ እጇን በግራዋ ደግፋ ነበር። ከወራት በፊት እርጥብ ደረጃ ላይ ወድቃ ቀኝ እጇ ተሰብሯል። ፋሻው ከተፈታ ገና ብዙ አልቆየም።

«በዚህ እጅ ያቦካሁት የመጀመሪያው ሊጥ ነው» አለችው ጋጋሪውን። «ይሄ ከተሳካልኝ ከበዓሉ ማግስት ሥራ እጀምራለሁ። የሚታጠብ ልብስም ተቀብያለሁ።»

ፌንጣ ይህን ሁሉ ሰማች። ጆሮዋ እንደሆነ ምንም አያመልጠውም።

አባቷ ትሪዎቹን በረጅሙ የእንጨት አካፋ አንድ በአንድ አስገባ። የልብስ አጣቢዋ መጨረሻ ስለገባ ለበሩ ቅርብ ሆነ። ከዚያ የብረቱን በር ዘጋና ይህን በር እንዳትነኪ ብሎ አስጠነቀቃት። ፌንጣ እንደ ልማዷ ለምን ብላ ጠየቀች።

«ሊጥ የሚያድገው ተዘግቶበት፣ ሞቆት ነው» አላት። «ሥራውን ሲጨርስ መዓዛው ራሱ ይጠራናል።»

ይህን ብሎ እንጨት ሊፈልጥ ወደ ጓሮ ወጣ። ፌንጣ ከምድጃው ጋር ብቻዋን ቀረች። ዱቄትና ውሃ፣ ትንሽም እርሾ። ከዚህ ውስጥ ያ ሁሉ ትልቅ ዳቦ እንዴት ይወጣል? ማን ነው የሚያነሳው? እጇን በላት። አንድ ጊዜ ብቻ ልየው አለች በልቧ። ልጆች፣ «አንድ ጊዜ ብቻ» ስትሉ ራሳችሁን ከሰማችሁ እዚያው ቁሙ። ፌንጣ ግን አልቆመችም። ጨርቅ ይዛ በሩን ከፈተችው።

ያየችውን ልንገራችሁ። ጡቦቹ ከውስጥ ቀልተዋል። ሊጦቹ ሁሉ አብረው የሚተነፍሱ ይመስላሉ። ቀስ እያሉ ኩፍ ይላሉ። የቁልፉ ምልክት እየሰፋ ነው፤ የእሷም የአውራ ጣት ጉድጓድ የትልቅ ሰው ጣት አክሏል። ማንም አይነካቸውም፣ ማንም አይነፋቸውም፤ ዝም ብለው ያድጋሉ። ፌንጣ አፏን ከፍታ ቀረች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትንቀሳቀስ ቆመች። እግዚአብሔር እዚህ ውስጥ እየሠራ ነው ብላ አሰበች። ተሳስታለች አልልም። የተሳሳተችው በሩን ከፍታ መቆሟ ላይ ነው።

ከመንገድ የመጣ ቀዝቃዛ ነፋስ በአጠገቧ አልፎ ምድጃው ውስጥ ገባ። ከፊት ያለው ሊጥ መሃሉ ረገብ አለ። ከዚያ ሟሸሸ። ሁለቱ የመቆንጠጫ ምልክቶች ተጨማደዱ። ፌንጣ ደንግጣ በሩን ዘጋችው። ተመልሶ ይነሳል ብላ ተስፋ አደረገች፤ አልተነሳም።

መዓዛው ሲጠራ አባቷ መጣና ዳቦዎቹን አወጣ። ሁሉም አምረዋል፣ አንዱ ብቻ ጠፍጣፋ ነው። ዞሮ አያትና በሩን የነካ ሰው እንዳለ ጠየቃት።

«የለም» አለች ፌንጣ።

አጭር ቃል ናት፤ ፌንጣም በሩን የከፈተችበትን ጨርቅ ከጀርባዋ ደበቀችው።

ልብስ አጣቢዋ መጥታ ዳቦዋን ስታይ የረገበውን መሃሉን በጣቷ ነካ አደረገችው። ጋጋሪው የምድጃው ጥፋት ሊሆን ይችላል ብሎ ሊያጽናናት ሞከረ።

«ምድጃውማ የሁሉንም አንስቶ የለ» አለችው። «የኔ እጅ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ምድጃዎን አሳፈርኩት።»

ጠፍጣፋውን ዳቦ በጨርቅ ሸፍና አንገቷን ደፍታ ወጣች። አያችሁ ልጆች? ያላጠፋችው ይቅርታ ጠየቀች፣ ያጠፋችው ዝም አለች። እኔ ይህን ስናገር ዛሬም ያናድደኛል።

ለፌንጣ አንድ ዘዴ መጣላት። የራሳቸውን ቤት ዳቦ፣ አውራ ጣቷ ያለበትን ያን የሚያምር ዳቦ፣ አቅፋ ወደ ልብስ አጣቢዋ ቤት በረረች። ዳቦ በዳቦ ተተካ ማለት ነው፤ የበሩን ነገር ማንም ሳያውቅ ያልፋል። ብልጥ ናት አይደል? እንያታ።

በሩን ስታንኳኳ ልብስ አጣቢዋ ከፈተችላት። ወለሉ ላይ የሰው ልብስ ተዘርግቷል፤ መልሳ በጥቅል እያሰረችው ነበር። ፌንጣ አባዬ ልኮልዎት ነው ብላ ዳቦውን አቀበለቻት። ይህም ሁለተኛ ውሸት ሆነ።

«ተባረኪ» አለች ሴትየዋ። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወደ ልብሱ ተመለሰች። ያን የመሰለ ዳቦ ዞር ብላ እንኳ አላየችውም። ፌንጣ ልብሱን ለምን እንደምታስረው ጠየቀቻት።

«ልመልሰው ነው፣ ልጄ። ሊጥ ያቃተው እጅ ልብስ መጭመቅ አይችልም።»

ፌንጣ እጁን አየችው። ቀጭን ነው፣ ቆዳው ገርጥቷል፣ ግን ገመዱን ጥብቅ አድርጎ እያሰረ ነው። ያኔ ነገሩ ገባት። የጠፋው ዳቦ አይደለም። ይህቺ ሴት በእጇ ላይ የነበራት እምነት ነው የጠፋው፤ እሱን ደግሞ በትሪ አምጥቶ መስጠት አይቻልም። እንባዋ መጣ።

«እትዬ» አለች። «እጅዎ አይደለም። እኔ ነኝ። የምድጃውን በር ከፍቼ አየሁ። ሊጥዎ በደንብ እየተነሳ ነበር፤ እኔ አይቼዋለሁ። ነፋስ ገብቶበት ነው የሟሸሸው። ለአባዬም ዋሽቻለሁ።»

ሴትየዋ ገመዱን ለቀቀች። ፌንጣ ቁጣዋን ጠበቀች። ልብስ አጣቢዋ ግን ቀኝ እጇን ወደ ፊቷ አነሳች። ጣቶቿን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ደግማ ከፈተች። ፊቷ በራ።

«እየተነሳ ነበር?» አለች ቀስ ብላ። «እንግዲያው ድኗል ማለት ነው።»

ልጆች፣ ፌንጣ በዚያ ቀን ሁለት ጊዜ አፏን ከፍታ ቀረች። ያኛው ምድጃ ውስጥ ያየችው ነው። ይህኛው ግን በለጠባት፤ ከሷ አፍ የወጣ እውነት ሰውን ሲያነሳ አየች።

ልብስ አጣቢዋ እንባዋን ጠርጋ ፊቷን ኮስተር አድርጋ ነይ አግዢኝ አለቻት። ዱቄት ስለተረፋት ፌንጣ ውሃ እየጨመረችላት እንደገና አቦካች። ሊጡ ኩፍ ሲል ሁለት ቦታ ቆንጥጠውት አብረው ወደ ምድጃው ወሰዱት። ፌንጣ ለአባቷም ሁሉንም ነገረችው። በሩን ከመክፈትሽ ይልቅ «የለም» ማለትሽ አመመኝ አላት፤ ከዚያም አጠገቡ ቦታ ለቀቀላት። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ መዓዛው እስኪጠራ ተቀመጠች። ፌንጣ ናት እኮ! በሩ ሲከፈት ዳቦው ወደ ላይ ወጥቶ ሁለቱ የመቆንጠጫ ምልክቶች ተራርቀው ነበር።

ጠፍጣፋውን ማን በላው ትሉኝ ይሆናል። በቤታቸው ዳቦ ለውጣ ወሰደችውና በበዓሉ ጠዋት ፌንጣ በላችው፣ እስከ መጨረሻው ቁራሽ። ልብስ አጣቢዋም ከበዓሉ ማግስት ገመዷ ላይ ነጭ ልብስ አሰጣች።

ልጆቼ፣ ጥፋታችንን ስንደብቅ ሸክሙን ያላጠፋ ሰው ይሸከምልናልና እውነቱን ሳንዘገይ እንናገር።