ገና ያልደረሰ ውሃ

ጡረተኛው መምህር በአዲሱ አኳሪየም ሥር በጀርባቸው ተንጋለው ሞተዋል። የመቆሚያው ጠርዝ ደም ነክቶታል፤ ወለሉ ርሷል። ከላይ፣ በመስታወቱ ውስጥ፣ አምስት ቀያይ ዓሦች ይራወጣሉ። የውሃ ማጣሪያው ያለ ዕረፍት ያጉረመርማል።

«ይሄን ነገር አጥፉልኝ!» አለ የሟች ታናሽ ወንድም ሰዓቱን እያየ። «ጋሼ ዓሣ ሲያስገቡ አዳልጧቸው ነው። ምኑ ይመረመራል?»

መርማሪዋ አላጠፋችም። ሃምሳ አለቃው ጠጋ ብሎ አንሾካሾከላት። «ጎረቤት ጠዋት ጭቅጭቅ ሰምቷል። ሚስትየውን ይዘናት እንሂድ?»

«ትንሽ ታገስ።»

ሚስትየው እጆቿን እያፍተለተለች ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ተጨቃጭቃችሁ ነበር?»

«በየቀኑ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ባዶ ውሃ ሲያሳድግ ዝም የምል እንጨት ነኝ?» እንባዋ መጣ። «ጠጠሩን እንደ ሩዝ አጥቦ፣ ውሃውን ሞልቶ፣ በየማለዳው በጠብታ እየለካ ‹ገና ነው› ይላል። ዛሬ ገበያ ስወጣም ‹አንድ ሳምንት ይቀረዋል› ብሎኛል።»

የተጠራው ዓሣ ሻጭ ገና ከበሩ እጁን አወናጨፈ። «እኔ አልሸጥኩላቸውም! እንዲያውም አደራ ያልኳቸው እኔ ነኝ። አዲስ ውሃ ሲያዩት ንጹህ ነው፤ ግን የዓሣውን ቆሻሻ የሚበሉት ተህዋስያን ገና አልበዙበትም። ዓሣው በራሱ ሽንት ይመረዛል። እነዚህ ድሮ በዚያ ክብ ዕቃ የነበሩት ናቸው።»

ክቡ የመስታወት ዕቃ መስኮቱ ላይ ባዶውን ተደፍቷል። ጎኑ ላይ ከምስር የሚያንሱ አረንጓዴ የውሃ ቅጠሎች ተለጥፈዋል።

«እርስዎስ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነበር የመጡት?» አለችው ወንድምየውን።

«ከሁለት ወር በፊት። ያባታችንን ቤት እንሽጥ ስል ጋሼ አልፈርምም ካሉ ወዲህ ደጁን አልረገጥኩም።» እንደገና ሰዓቱን አየ።

መርማሪዋ ሦስቱንም አኳሪየሙ ፊት አቆመቻቸው።

«ሟቹ ‹ገና ነው› ያሉት ውሃ ውስጥ ዓሣ አይጨምሩም። ስለዚህ አደጋ ለማስመሰል ዓሦቹን ሌላ ሰው አዛውሯቸዋል። ሚስታቸው ‹ገና ነው›ን ስትሰማ ከርማለች፤ ሻጩም ያስጠነቀቀው ራሱ ነው። ሁለቱም በዚህ መንገድ አያስመስሉም። ውሃ ከተሞላ ዓሣ ይገባል ብሎ የሚያስብ፣ ሦስቱን ሳምንት እዚህ ያልነበረ ሰው ነው።»

ወንድምየው ሳቀ። «ካልነበርኩማ ነጻ ነኛ!»

«እስከ ዛሬ ጠዋት ያልነበረ። ሰዓት ስንት ነው?»

ክንዱን ሲያነሳ አንጓውን ያዘችው። ከሰዓቱ ማሰሪያ ሥር አንዲት አረንጓዴ ቅጠል ደርቃ ተጣብቃለች።

«ዓሦቹን በእጅዎ ሲያወጡ ተከተለችዎ። እኛ ከደረስን ወዲህ ያንን ዕቃ የነካ የለም።»

ሳቁ ጠፋ። «ገፋኋቸው እንጂ ልገድላቸው አልነበረም... ይፈርሙ ብቻ ነው ያልኩት።»

ሃምሳ አለቃው ይዞት ወጣ። ሚስትየው ዘወር ብላም አላየችው። ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው አየር ይፈልጋሉ።

«ከሱቄ የደረሰ ውሃ ላምጣላቸው፣ እትዬ» አለ ሻጩ። «ይሄኛውንስ ልድፋው?»

«እንዳትነካው!» አለች ሚስትየው። «አንድ ሳምንት ነው የቀረው።»