የሁለት መቶ አርባ ብር ደረሰኝ

ኅዳር 1959 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ የአቡጀዲ ነጋዴው ወልደሚካኤል መርካቶ ባለው ሱቁ የጣሪያ አግዳሚ ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ። ያገኘው ሸሪኩ ይመር ነው። አራት ሰዓት ሳይሞላ ከራጉኤል እስከ መሳለሚያ ያልሰማ አልነበረም። አምስት ሰዓት ላይ ደግሞ የነፍስ አባቱ መምሬ ዘውገ፣ ራሱን ለገደለ ሰው ፍትሐት የለም፣ ቅጽር ውስጥም አይቀበርም አሉ።

ሚስቱ በለጥሻቸው ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አገልድማ አዲስ ከተማ ፖሊስ ጣቢያ ሄደችና መቶ አለቃ አስናቀው ፊት ቆመች።

«ባሌን ገድለውታል» አለች። «ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እስከዚያ ገዳዩን ካላገኙልኝ እንደ ውሻ ሊጣልብኝ ነው።»

«ራሱን አለመግደሉን በምን አወቁ?»

«የሚበቀለው ሰው ነበረው። ሊበቀል የተነሣ ሰው ራሱን ይሰቅላል?»

አስናቀው ቀጭን ሰው ነው፤ ሰው ሲያወራለት ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ተኝቷል ብለው የቀለዱበት ሌቦች ዛሬ ከርቸሌ ናቸው። ብድግ ብሎ ተከተላት፤ የበቀሉንም ነገር መንገድ ላይ አስነገራት።

ነገሩ የባንክ ነው። ወልደሚካኤል የሽያጩን ገንዘብ ባንክ ያስገባል፣ ለአስመጪዎች ደግሞ ቼክ ይጽፋል። ሒሳቡ ውስጥ ካለው በላይ ቼክ ሲመጣ ባንኩ ከራሱ ይሞላና በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል ስድስት ብር ቅጣት ይጥልበታል፤ ኦቨርድራፍት የሚሉት ነው። ጥፋቱ የእሱ ቢሆን ምን ይባላል፣ ይክፈል። እሱ ግን ሁልጊዜ ከቼኩ በፊት ገንዘብ እንደሚያስገባ ያውቃል። ሆኖም ቅጣቱ በአንድ ዓመት ውስጥ አርባ ጊዜ ወረደበት። ለምን ብሎ ቢጠይቅ የቅርንጫፉ ሒሳብ ያዥ ፈለቀ ክራቫቱን እያስተካከለ፣ ይህ የተማረ ሰው ሥራ ነው ብሎ ሰው ፊት አሳቀበት።

አይ ፈለቀ! የመርካቶ ነጋዴ ኪሳራ ይችላል፤ መሳቂያ መሆን ግን አይችልም። ወልደሚካኤል ጥርሱን ነክሶ ባንኩ የሰጠውን ወረቀት ሁሉ ሰበሰበ። ባንኩ በየቀኑ የሚቀበለውን ወረቀት ተራ ቁጥር ይመታበታል። የእሱ ገቢ ቁጥር አሥራ አንድ፣ ቼኩ ቁጥር አርባ ሆኖ ሳለ፣ ባንኩ የሰጠው የመዝገብ ግልባጭ ላይ የተጻፈው ቼኩ ቀድሞ ነው። አርባውንም ጊዜ እንዲሁ። አልከፍልም ብሎ ለዋናው መሥሪያ ቤት አቤቱታ ጻፈ፤ ዓርብ ተቆጣጣሪ ይመጣል ተባለ። ረቡዕ ማታ፣ ፈለቀን በዚያው በሳቁብኝ ሰዎች ፊት ካላስለቀስኩት እኔ ወልደሚካኤል አይደለሁም ብሎ ለሚስቱ ማለ፤ በደስታ ራቱን ደግሞ በላ።

ሱቁ ሲደርሱ አስናቀው ከሬሳው በፊት አግዳሚውን ሊያይ የአቡጀዲ ቦንዳ ላይ ወጣ። ገመዱ እንጨቱን ፍቆታል፤ የተላጠው ገና ነጭ ነው። ከዚያ የሟቹን ኮት ሲፈትሽ የባንክ ደረሰኝ አገኘ። የኦቨርድራፍት ቅጣት፣ ሁለት መቶ አርባ ብር፣ የዛሬ ቀን ተጽፎበታል። የተቀባዩ ፊርማ የፈለቀ ነው።

ይመር ራሱን ይዞ ቁጭ አለ፤ ከከፈለማ ተስፋ ቆርጦ ነው አለ። እሱ ከንጋት ጀምሮ መሳለሚያ የጭነት መኪና ሲያስራግፍ ነበር፤ አስናቀው ተሸካሚዎቹን አስጠርቶ አረጋግጧል። አሁን የሽያጭ ደብተሩን ገለጠ። የዕለቱ ገጽ ባዶ ነው።

«ዛሬ አልሸጣችሁም?»

«ሱቁ መች ተከፈተና፣ መቶ አለቃ።»

«ሟቹ ሳይሸጥ ገንዘብ ያወጣ ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ!» አለ ይመር። የዕለቱን የመጀመሪያ ሽያጭ ሳያይ ከኪሱ ገንዘብ የሚያወጣ ነጋዴ ገበያውን በእጁ ያባርራል ይባላል። ወልደሚካኤል ደግሞ ባሰበት፤ የኔ ቢጤውን እንኳ ስሸጥ ተመለስ ብሎ ይሸኝ ነበር። ሃያ ዓመት አብረው ሲሠሩ አንድ ቀን ሳይሸጥ ሳንቲም ሲያወጣ ይመር አላየውም።

አስናቀው ወደ ባንኩ ሄደ። ፈለቀ ሐዘኑን ገለጸለት። ሟቹ ሁለት ሰዓት ባንኩ እንደተከፈተ መጥቶ ገንዘቡን በእጁ እንደሰጠው፣ ሰለቸኝ ብሎም እንደሄደ ነገረው። ስለ አቤቱታው ሲጠየቅ፣ የከፈለ ሰው ዕዳውን አምኗል፣ ፋይሉ ይዘጋል አለ። አስናቀው መዝገቡን አየ። ከዚያ ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ወደ ሙሉዬ ዘወር አለ። እሷ ሟቹንም አላየች፣ ሁለት መቶ አርባ ብርም ወደ ሣጥኗ አልገባም። አስናቀው ሁለቱንም ለቅሶ እንድረስ ብሎ ይዟቸው መጣ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ሬሳው ባለበት ሱቅ ተሰበሰቡ።

«አባቴ፣ አግዳሚውን ይዩ» አለ አስናቀው ለመምሬ ዘውገ። «ራሱን የሰቀለ ሰው ገመድ እንጨት እንዲህ አይፍቅም። ይህ ገመድ ሸክም ይዞ ወደ ላይ ተጎትቷል፤ የጎተተው ሌላ ሰው ነው። ደረሰኙን ደግሞ ይዩ። ሱቁ አልተከፈተም፣ ሽያጭ የለም። ሳይሸጥ ሳንቲም የማያወጣ ሰው፣ የእኔ አይደለም ብሎ አቤት ያለበትን ዕዳ በጧት ሄዶ አይከፍልም። ተከፈለ የተባለው ገንዘብም ባንኩ ውስጥ የለም። ላልተከፈለ ገንዘብ ደረሰኝ የሚጽፍ ማን ነው? ፋይሉ ተቆጣጣሪው ሳይመጣ እንዲዘጋለት የፈለገ።»

ወደ ፈለቀ ዞረ፤ አንቱታውንም እዚያው ጣለ።

«መዝገቡን አይቼዋለሁ። የስንቱን ነጋዴ ቼክ ከገቢው አስቀድመህ እየጻፍክ ቅጣቱን በጥሬ ገንዘብ ተቀብለህ በላህ። ይህ ሰው ደረሰብህ። ንጋት ላይ መጥተህ አነቅኸው፤ ሰቀልከው፤ ደረሰኙን ኪሱ ከተትክ።»

«ግምት ነው» አለ ፈለቀ። ክራቫቱንም አስተካከለ።

መምሬ ዘውገ አንገታቸውን ደፉ። «ልጄ፣ እኔ አምኜሃለሁ። አለቆቼ ሲጠይቁኝ ግን እንጨትና ወረቀት ላሳያቸው ነው? ፍርድ ቤቱ እስኪፈርድ ደግሞ ሬሳ አይጠብቅም። ሰውየው በአፉ ገደልኩ ካላለ ልፈታው አልችልም» አሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። በለጥሻቸው ተነሥታ ፈለቀ አጠገብ ተቀመጠች። እጁን ያዘችው፤ ያየ ሁሉ ደነገጠ።

«ፈለቀ፣ አንተም እናት አለችህ» አለችው። «ደሙ የእኔ ነው፤ የምምረውም እኔ ነኝ። ለአባ እውነቱን ንገርልኝና ችሎት ቀርቤ ምሬዋለሁ፣ በካሣ ይለቀቅ እላለሁ። ከገመድ አወጣሃለሁ።»

ፈለቀ እንባው መጣ። ደረሰኙን ከዋዜማው ጽፎ ማዘጋጀቱን፣ ሟቹ ማልዶ ሱቁ እንደሚገባ አውቆ በንጋት ቅጣቱን ልሰርዝልህ ብሎ የሱቁን በር ማስከፈቱን፣ ሟቹ እየሳቀ ጀርባውን ሲሰጠው ገመዱን አንገቱ ላይ ማስገባቱን ተናገረ። መምሬ ዘውገ እያማተቡ ወጡ። ወልደሚካኤል በሥርዓቱ ተፈትቶ፣ ካህናት አጅበውት ራጉኤል ቅጽር ውስጥ ተቀበረ።

ፍርዱ የተሰማው ከሦስት ወር በኋላ ነው። የፈለቀ እናት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ ድንጋይ ተሸክመው ፍርድ ቤቱ በር ላይ ተንበረከኩ። በለጥሻቸው አልፋቸው ገባች። ዳኛው የሟች ወገን የሚለው አለ ወይ ሲሉ ቆማ፣ «አልምርም፤ ይሰቀል» አለች። ፈለቀ ስሟን እየጠራ ተወሰደ።

ይመር ደጅ ላይ ደረሰባት። «እትዬ፣ ቃል ገብተውለት አልነበረም እንዴ?» አላት።

«ገብቼለት ነበር» አለች በለጥሻቸው። «እሱ ለባሌ የሌለ ዕዳ ጻፈለት። እኔም ለእሱ የሌለ ምሕረት ሰጠሁት።»