ቀድማኝ የገባችው

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ ሻይ የምጥድ ሰው ነኝ። ጎረቤቶቼ የሞተ ሰው ታየን፣ ኮርኒሱ ላይ ኮቴ ሰማን ሲሉኝ፣ ደም ግፊታችሁን ተለኩ እላቸዋለሁ፣ ይቀየሙኛል፣ ይቀየሙ። ስለዚህ ይህን የማወራችሁ አምኜበት ሳይሆን ስለደረሰብኝ ነው፣ ሁለቱ ይለያያሉ።

ቦታው ቦሌ ሩዋንዳ አካባቢ ያለ የፈረንጆች ክለብ ነው፣ ስሙን አልጠራም፣ የሚያውቁት ያውቁታል። እዚህ የሚሠሩ የውጭ አገር ሰዎች ከነልጆቻቸው ቅዳሜን የሚውሉበት ነው፤ የመዋኛ ገንዳ አለው፣ የቴኒስ ሜዳ፣ ዥዋዥዌ፣ የተጠበሰ ድንች የሚሸት ትንሽ ካፌ። እኔ የምገባው በጓደኛዬ በትርሲት እንግድነት ነበር። እንግዳ በር ላይ ቢጫ የወረቀት አምባር እጁ ላይ ይታሰርለታል፣ አባል አይታሰርለትም፣ እና እኔ ያቺን ቢጫ ወረቀት በሹራቤ እጅጌ ስደብቅ ኖርኩ። አንድ ቀን እንዲያውም አንዱ አስተናጋጅ አጠገቤ መጥቶ፣ የሞግዚቶች አግዳሚ በዚያ በኩል ነው ብሎ በጣቱ አሳየኝ፤ ትርሲት ሰምታ ሳቀች። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ትርሲት እንዴት አባል ሆነች ካላችሁ፣ በእኔ ነው። በወጣትነታችን ወሎ ሰፈር አንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ውስጥ አብረን ጸሐፊዎች ነበርን፤ አንድ ኖርዌያዊ መሐንዲስ አማርኛ አስተምሪኝ ብሎ እኔን መረጠ፣ እኔን፣ ከሥራ በኋላ ቤቱ በረንዳ ላይ አስተምረው ነበር፣ ምን ያህል እንደተግባባን ለራሴ ልተወው። ከዚያ ታይፎይድ ያዘኝ፣ ቦታዬን ሌላ ሰው እንዳይወስድብኝ ብዬ ትርሲትን እስክድን ተኪኝ አልኳት። ተካችኝ። ድኜ ስመለስ ወንበሩ ተይዟል። ሚዜዋ የሆንኩት እኔ ነኝ፣ አስቡት፣ ቬሎዋ መሬት እንዳይነካ ከኋላ ከኋላ ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ እሷም ስለዚህ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፣ እኔም አልጠየቅኳት። ልጆቿ ዋና ሲማሩ እኔ ገንዳው ዳር እግሬን ሰብስቤ እቀመጥ ነበር፣ ስለ ትምህርት ቤታቸው አወራን፣ ስለ ሠራተኞቿ አወራን፣ ልጆቹም አድገው ሄዱ። የምጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ አፏን ከፍታ «በድዬሻለሁ» እንድትለኝ።

አምና ባሏ ጡረታ ወጣና ጠቅልለው ወደ አገሩ ሊሄዱ ሆነ። ከመሄዳቸው በፊት ደወለችልኝ፣ ቅዳሜ ክለብ ነይ፣ ሳልነግርሽ ብሄድ የሚቆጨኝ ነገር አለ አለች፣ ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። ገባኝ። በእጄ የሠራሁትን ግራጫ ሹራብ ለበስኩ፤ ክርኑ ላይ ተቀዶብኝ፣ ግራጫ ክር ሳጣ በሰማያዊ የሰፋሁት ነው፣ ይህን ያዙልኝ። የምኖረው ለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ያን ቀን ደግሞ መንገዱን ቆፍረውት ታክሲው አልንቀሳቀስ አለ፣ ስልኬም ባትሪው አለቀ፣ ስደርስ ፀሐይዋ አዘንብላለች።

በረኛው ጋሽ ደምሴ ከድሮ ጀምሮ የሚያውቁኝ ሰው ናቸው። ቢጫውን ወረቀት እንዲያስሩልኝ እጄን ስዘረጋላቸው አይተውኝ ሳቁ።

«ደግሞ መቼ ወጡ፣ እትዬ? በየት በኩል?»

አሁን መድረሴ ነው አልኳቸው።

«ቅድም ከእትዬ ትርሲት ጋር እየተሳሳቃችሁ አልገባችሁም? ይግቡ ይግቡ፣ ዛሬ እኔን መቀለጃ አድርጋችሁኛል» አሉና ሳያስሩልኝ በሩን ከፈቱ።

አርጅተዋል፣ ተምታቶባቸው ነው ብዬ ገባሁ። የጥዱን አጥር ይዤ ወደ ገንዳው ስሄድ ግን አንድ ድምፅ ሰማሁ። እኔ ልስቅ ስል መጀመሪያ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፣ እህህ ብዬ ነው የምስቀው፣ እናቴ ሳትቀር ትቆጣኝ ነበር። እሱን ነው የሰማሁት፣ እህህ፣ ከዚያ ሳቅ። እመኑኝ፣ የራስን ሳቅ ከሌላ ቦታ መስማት ደስ አይልም።

በአጥሩ ክፍተት አየሁ። ሁልጊዜ የምንቀመጥበት ጃንጥላ ሥር ትርሲት ፊቷን ወደ እኔ አድርጋ ታለቅሳለች። አጠገቧ ጀርባዋን የሰጠችኝ ሴት አለች፣ ፀጉሯ ርሶ ይንጠባጠባል፣ ትከሻዋ ላይ ግራጫ ሹራብ ጣል አድርጋለች፣ ክርኑ ላይ ሰማያዊ ክር። የእኔን ዳሰስኩት፣ ለብሼዋለሁ። ትርሲት የሴትዮዋን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ታወራለች፣ ከንፈሯ ይታየኛል፣ ቃሉ አይሰማኝም፣ የፈረንጅ ልጆች ውሃው ውስጥ ይጮሃሉ። የዚያች ሴት የእጅ አንጓ ባዶ ነው፣ ቢጫ ወረቀት የለበትም። በመጨረሻ ጎንበስ አለችና የትርሲትን ግንባር ሳመች።

ፈራሁ ብላችሁ እንዳታስቡ። ቀናሁ። ሠላሳ ዓመት የጠበቅኩትን ቃል ሌላ ስትቀበለው ቆሜ አየሁ፣ ያውም ሳታስለምናት፣ እንዲያው በቀላሉ ማረቻት። እኔ ብሆን አስለምናት ነበር።

የዋና አስተማሪው ፊሽካ ነፋ፣ ልጆቹ ፎጣቸውን እየጎተቱ በመካከላችን አለፉ። ካለፉ በኋላ ትርሲት ብቻዋን ናት። ሄድኩ።

«ቶሎ ለበስሽ» አለችኝ ዓይኗን እየጠረገች፣ «ፀጉርሽስ እንዴት ደረቀልሽ? ይህን ሁሉ ዘመን ዋና እንደምትችዪ ደብቀሽኝ፣ አንቺ ክፉ።»

እኔ ዋና አልችልም። ውሃ ከጉልበቴ በላይ አልፎ አያውቅም።

«ትርሲት፣ ቅድም ያልሽኝን ድገሚልኝ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። «አንዴ ለማለት ዕድሜዬን ሙሉ ፈጀብኝ፣ ሁለተኛ አታስወጪኝ። አንቺም ያልሽውን ብለሽኛል፣ ቀሎኝ እሄዳለሁ። ነይ፣ ቦታሽ ላይ ቁጭ በይ።»

ቁጭ አልኩ። ወንበሩ ርሶ ነበር፣ ውሃው በቀሚሴ ዘለቀ፣ ለብ ያለ ነው፣ ሰው አሁን የተነሳበት ያህል። እኔ አልሰማሁሽም፣ አላልኩሽም ልላት አፌ ላይ ደረሰ። ፊቷን ሳየው እንደዚያ አርፎ አይቼው አላውቅም። ለእሷ አዝኜ ዝም ያልኩ እንዳይመስላችሁ፤ ብናገር እብድ የምባለው እኔ ነኝ።

ሄደች። በዓል በመጣ ቁጥር ትደውልልኛለች፣ እንደ ድሮው ለወጉ ያህል አይደለም፣ በፍቅር ነው የምታወራኝ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲላት ያን ቀን ያልኳትን እያሰበች እንደምትተኛ ትነግረኛለች። ምን ብያት ይሆን? እንዴት አድርጌ ልጠይቃት?

በዚህ ክረምት ወሎ ሰፈር ታክሲ ስጠብቅ ጋሽ ደምሴን አገኘኋቸው። እትዬ ትርሲት ስምዎን ከቤተሰባቸው ጋር አስመዝግበው በመሄዳቸው ደግ አደረጉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እርስዎን ስናይ እሳቸውም ያሉ ይመስለናል አሉኝ፣ ደግሞ በዚህ ዝናብ ሲዋኙ አይበርድዎትም ወይ አሉኝ። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ በር አልፌ አላውቅም።

ማስተባበል ነበረብኝ፣ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ስዋኝ ደስ ያለኝ እመስላለሁ?» አልኳቸው።

አሰቡ፣ መዋሸት የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። «እውነቱን ልንገርዎት፣ እትዬ፣ እዚያ ሲሆኑ ነው የሚያምርብዎት» አሉኝ፣ ከዚያ ፊቴን ትንሽ ጠጋ ብለው አዩና ወዲያው ታክሲ ወደሚመጣበት ዞሩ።

አንዳንድ ቅዳሜ ሹራቤን ለብሼ ወደ ክለቡ እነሳለሁ፣ መንገድ ላይ ወርጄ እመለሳለሁ። ያቺን ሴት ማየት ፈርቼ አይደለም። አንድ ቀን ሁለታችን እኩል በሩ ላይ ብንደርስ፣ ጋሽ ደምሴ ቢጫውን ወረቀት ይዘው ሲነሱ፣ ወደ ማናችን እንደሚመጡ ስለማውቅ ነው።