ቦኪም የልብስ ስፌት

ይህን የምነግራችሁ የሰማሁትን አይደለም፤ የደረሰብኝን ነው። አመልማል እባላለሁ። የማያምን ከሚሴ ይምጣና ሱቄን ይይ፤ ታፔላው እስካሁን አልወረደም።

ጊዜው 1999 ዓ.ም.፣ ጥቅምት ወር ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት... ጠራራ ፀሐይ።

ባሌን ወንዴን በነሐሴ ከሰንበቴ ገበያ ሲመለስ የቦርከና ወንዝ ወሰደው አሉኝ። አስከሬኑ አልተገኘም። ዘመዶቹ ጥቁር ልበሺ፣ ድንኳን እንትከል፣ እርምሽን አውጪ እያሉ ወጥረው ያዙኝ። እኔ ደግሞ ሬሳውን ሳላይ አላለቅስም አልኩ። ልቧ ድንጋይ ነው ብለው ሲያሙኝ፣ እልህ ያዘኝና ቢጫ ጨርቅ ገዝቼ ለራሴ ቀሚስ ቆረጥኩ።

የስፌት ሱቁን የከፈትኩት ያኔ ነው። ስም ሲጠፋኝ እንደ ሰው ሁሉ ዓይኔን ጨፍኜ መጽሐፍ ቅዱስ ገለጥኩ፤ ጣቴ ያረፈበትን ስም አጻፍኩ። ቦኪም። የቦታ ስም መሆኑን አየሁ እንጂ ትርጉሙን ማን ጠየቀ!

በሦስተኛው ቀን፣ ልክ በስድስት ሰዓት፣ ከልብስ መለኪያው መጋረጃ ጀርባ ሰው አለቀሰ።

ቀስ ብሎ... አፉን በጨርቅ አፍኖ።

መጋረጃውን ገለጥኩ። ማንም የለም። በርጩማው ግን እርጥብ ነው።

በማግስቱም እንደዚያው። በሳልስቱም...

ሽቶና ሻሽ የምትሸጠው ጎረቤቴ ረቢአ አንድ ቀን እኔ ዘንድ ተቀምጣ ሰማችው። ፊቷ አመድ መሰለ።

"ማል ታቴ? ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"እኔ አላለቀስኩም።"

"ያ ረቢ... እውነትሽን ነው። የወንድ ድምፅ ነው።"

ከዚያ ወዲያ ቀትር ላይ ሱቄን ረግጣ አታውቅም።

መሪጌታ ባንተይርጋ ዘንድ ሄጄ ጠየቅኩ። ቦኪም ማለት በዕብራይስጥ አልቃሾች ማለት ነው አሉኝ። እስራኤል አልሰማ ብለው መልአክ ሲገሥጻቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያለቀሱበት ስፍራ ነው። ሰው እልሁን ጥሎ እውነቱን የሚቀበልበት ቦታ ነው ብለው አስረዱኝ።

"ስሙ የነፈግሽውን እንባ እየጠየቀሽ ነው ልጄ። ወይ አልቅሺ፣ ወይ ታፔላውን አውርጂ።"

"ሁለቱንም አላደርግም፣ የኔታ" አልኳቸው።

በነጋታው በሩን ከውስጥ ቀርቅሬ ቢጫ ቀሚሴን እየሰፋሁ ጠበቅኩት። የቀረኝ ግራ እጅጌው ብቻ ነበር።

ስድስት ሰዓት ሞላ...

ጀመረ።

ንዴቴ ከፍርሃቴ ባሰ።

"ማን ሞቶብህ ነው?" አልኩት።

ለቅሶው ቆመ።

"አመልማል..." አለ ድምፁ። "አመልማል ሞታብኝ ነው።"

ወንዴ ነው። ስድስት ዓመት አብሬው የኖርኩ ሰው፣ ድምፁ አይጠፋኝም።

"አልሞትኩም" አልኩት። "አንተም አልሞትክም። ለማንም አይለቀስም።"

መጋረጃውን ገነጠልኩት። ሰው የለም። በርጩማው ላይ ጥግና ጥጉን ጥቁር ሪባን የታሰረበት ፎቶ ተቀምጧል፤ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጠው ያለ።

ፎቶው የኔ ነው።

ቢጫውን ቀሚስ ለብሻለሁ... ሁለት እጅጌ አለው።

ዞር ብዬ አየሁ። ቀሚሱ የስፌት መኪናው ላይ ነው። ግራ እጅጌው ገና አልተሰፋም።

ፎቶውን አቃጠልኩት። ጥቁር አልለበስኩም፣ ታፔላውንም አላወረድኩም። ያንን እጅጌ ግን እስከ ዛሬ ድረስ መርፌ አላስነካሁትም።

ዓመታት አለፉ። ዛሬ ቀትር ላይ ምሳዬን በልቼ ስመለስ ሱቁ እንደቆለፍኩት ነበር። ከፍቼ ገባሁ። ቀሚሱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

ግራ እጅጌው እስከ ግማሽ ድረስ ተሰፍቷል... ክሩ እርጥብ ነው።

መቀሴን አነሳሁና ተረተርኩት።

ነገም ይስፋው። እተረትረዋለሁ።