የወጣችው ስንኝ

«አንድ ስንኝ ጎድሏል» አለች ደራሲዋ፣ ወረቀቱን ከሙዚቃ ኪቦርዱ ላይ አንስታ።

ቀጮ ቀና አላለችም። ክፍሉ በሙሉ «ደራሲዋ» የሚላት ይህች ጓደኛዋ ስለምትንተባተብ ወፍ በግጥም ተረት ጽፋ ነበር፤ ቀጮ ደግሞ ዜማ አወጣችለት። ነገ ጠዋት ለመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች ያቀርቡታል። ዜማው ግን «እ-እ-እኔም ልዘምር» የምትለው ስንኝ ላይ ሲደርስ ምቱ እየተሰበረ ሳምንት ሙሉ አስቸገራት። ትናንት ሰረዘቻት፤ ሁሉም ነገር ውሃ ሆኖ ፈሰሰ።

«የሙዚቃ መምህሩ ናቸው ያወጧት» አለች ቀጮ። ውሸቱ እንዲህ በቀላሉ መውጣቱ ለራሷም ገረማት።

«እሳቸው ናቸው?» አለች ደራሲዋ። «ለወንድሜ ነግሬው ነበር እኮ። ወፏ እንዴት እንደምትናገር ያሳየኝ እሱ ነው። ‹ነገ የእኔን ስንኝ እሰማለሁ› እያለ ነው።»

ቀጮ ልጁን ታውቀዋለች። አምስት ዓመቱ ነው። ቤት ውስጥ እየተንተባተበም ቢሆን ሲያወራ ይውላል፤ መዋዕለ ሕፃናት ግን ትንፍሽ አይልም።

«እስቲ ሄጄ ልለምናቸው» አለች ደራሲዋ፣ ቦርሳዋን አንግታ። «አሁን ቢሮ አይጠፉም።»

በሩ ጋ ስትደርስ ቀጮ ጠራቻት።

«አትሂጂ። እሳቸው አይደሉም። እኔ ነኝ።»

ደራሲዋ እጀታውን እንደያዘች ቆመች።

«ዜማዬን አበላሸችብኝ» አለች ቀጮ። «ለዛ ነው።»

«ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ሌላ እጽፍ ነበር።»

«ልክ ነሽ።»

ይቅርታ ማለት እንዳለባት ታውቃለች፤ ግን ደራሲዋ ፊቷን እንኳ አላዞረችም። ቀጮ እርሳሷን አነሳች። የደከመችበትን፣ መምህሩ ሳይቀሩ «ጎበዝ» ያሏትን የዜማውን ክፍል ከላይ እስከ ታች ሰረዘችው።

«ይቅርታ» አለች በመጨረሻ። «አሁን ስንኟን አንብቢልኝ። እሱ እንደሚላት አድርገሽ። ዜማውን በእሷ ልክ እሠራዋለሁ።»

«ነገ እኮ ነው የምናቀርበው።»

«አውቃለሁ።»

ደራሲዋ ተመልሳ መጣች። አልተቀመጠችም፤ ቦርሳዋንም ከትከሻዋ አላወረደችም። ወረቀቱን ሳታይ ቀስ ብላ ማንበብ ጀመረች።