በገበያ ቀን ያልቆመው ሲስተም

ሙዝደሊፋን መጀመሪያ ያየሁት ቡታጅራ በምሠራበት ሆስፒታል በር ላይ፣ ላፕቶፕህን አስመዝግብ ተብሎ ከጥበቃው ጋር ሲጨቃጨቅ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሲናደድም ያምርበታል።

«ሃፊዛ የምትባለው የሰርቨሮቹ ኃላፊ የት ናት?» አለኝ።

«ፊትህ ቆማለች።»

ደነገጠ። «እናቴን የምታህል ሴት ነበር የጠበቅኩት...»

ሶፍትዌሩን የሸጠልን ድርጅት ነው ከወልቂጤ የላከው። የበሽተኞች ካርድ የሚቀመጥበትን ሶፍትዌር በአዲሱ ሊተካልን ነው የመጣው። የድሮው ፈቃድ ቅዳሜ ስለሚያበቃ ከዓርብ ማሳለፍ አይቻልም።

«ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ሁሉንም እናጠፋዋለን» አለ። «ሰው መስጊድ ስለሚሆን ጭር ይላል።»

ሳቄ አመለጠኝ። «ዓርብ እኮ የቡታጅራ ገበያ ነው! የገጠሩ ሰው በርበሬውን ሸጦ የታመመ ልጁን ይዞ የሚመጣው ያን ቀን ነው። ሲስተም ከጠፋ ካርድ አይወጣም፣ መድኃኒት አይታዘዝም። ሳይታከም ሊመለስ ነው?»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ሰርቨሮቹ ሁለት ናቸው። ሥራውን ላንዱ አሸክመን ሌላውን እናድስ፤ ከዚያ እናቀያይር።»

«አዲሱና የድሮው ባይግባቡስ?»

«አንተ ማጥፋት ብቻ ነው እንዴ የምታውቀው?»

ፊቱ ጠቆረ። ላፕቶፑን ዘግቶ ደህና ዋይ እንኳ ሳይለኝ ወጣ።

ስልኩንም አላነሳ አለ። አኩርፎ ወልቂጤ ገባ አልኩ፤ አለቆቹን አስፈቅዶ ሲስተሙን ሊያጠፋብኝ ነው ብዬም ጠረጠርኩ። እኔ ደግሞ ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ «አይቆምም፣ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» ብዬ ነበር። ብቻዬን ስሆን አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ ሥራው ብቻ አልነበረም።

ዓርብ ጠዋት ብቻዬን ልጀምር ስል በሩ ተከፈተ። ዓይኑ ቀልቷል።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም። ስልክ አይነሳም?»

«ወልቂጤ እንደናንተ ያሉ ሁለት ሰርቨሮች አዘጋጅቼ ያልሽውን ስሞክር ነበር። ተበላሸብኝ፣ ደግሜ ሞከርኩት። አሁን ይሠራል።»

«ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ተስፋ ሰጥቼሽ ባይሳካ... በምን ዓይኔ አይሻለሁ?»

ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ።

አንደኛውን ሰርቨር ከሥራ አውጥተን አደስነው፣ ሞከርነው፣ መለስነው። ግቢው በገበያተኛ ተሞልቷል። ሁለተኛውን ስናወጣ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ከድጄ ደወለች። «ሃፊዛ፣ ኮምፒውተሩ ተንቀረፈፈብኝ፤ ሰው ተሰልፏል።»

ሙዝደሊፋ ወደ እኔ ዞረ። «ወደ ድሮው እንመልሰው?»

«ተው። ሁሉም ባንዱ ላይ ስለተጫነ ነው፤ ካርድ ግን እየወጣ ነው። በርታ።»

ዓይን ዓይኔን አይቶ ቀጠለ። ሁለተኛውም ታድሶ ሥራ ሲገባ ከድጄ እንደገና ደወለች። «ተዪው፣ ተስተካክሏል።» ምን እንደተደረገ አላወቀችም። በመስኮት አየሁ፤ ልጅ ያዘለች እናት ካርዷን ይዛ ወደ ሐኪሙ እየገባች ነው።

«ማንም አላወቀልንም» አለኝ ቀስ ብሎ።

«እኛ አውቀናል።»

«ሃፊዛ... ሽማግሌ ልላክ?»

«ሥራዬን ትቼ ወልቂጤ አልገባም።»

«ማን ነይ አለሽ? እኔ እመጣለሁ።»

መጡ ሽማግሌዎቹ፣ አባቴ ቤት። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ጆሮዬን ጥዬ ተቀምጫለሁ። በእኛ ዘንድ ሴቷ ናት ወደ ባሏ አገር የምትሄደው፤ አባቴ እሱ ወደ እኔ መምጣቱ አልዋጥለት አለ።

«ሚስቱን ተከትሎ የሚመጣ ወንድ ምን ሙያ አለው?»

«ከልጅህ ጋር የሆስፒታሉን ሲስተም እንዳለ ለውጧል» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሐጂ ዑመይር። «ባለፈው ዓርብ፣ በጠራራ ፀሐይ።»

«ባለፈው ዓርብ?» አባቴ ሳቀ። «እኔ እኮ ደም ግፊቴን ልለካ እዚያው ነበርኩ። ካርዴ ወጣ፣ መድኃኒቴን ይዤ ገባሁ። ምንም የተለወጠ ነገር የለም!»

ነውር መሆኑን እያወቅኩ መጋረጃውን ገለጥኩት።

«ሥራችን እሱ ነው አባባ። አንተ ሳይጎድልብህ መለወጥ።»

አባቴ አየኝ፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹን አየ። ደረቱን ነፋ አደረገ።

«ሰማችሁ አይደል ልጄን?» አለ። «በሉ፣ ዱዓ አድርጉላቸው።»